ሙሉ ኮኮናት ለገና ጾም፦ ምን ምን ትሠሩበታላችሁ?

የቱሉ ዲምቱዋ
ሰላም ቤቶች፣ እንዴት ከረማችሁ። የገና ጾም ኅዳር 15 ሊገባ ነው። ዘንድሮ የታሸገ የኮኮናት ወተት አልገዛም ብያለሁ። ዋጋው አይቀመስም፣ ጀርባውን ሳነበው ደግሞ ውሃና ማወፈሪያ ተጽፎበታል። ስለዚህ ሙሉውን ፍሬ ከነፀጉሩ ገዝቼ ገባሁ። አሁን ኩሽና ውስጥ ተደርድረው ሦስት ሦስት ዓይናቸውን አፍጥጠውብኛል።

የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወለል ላይ በመዶሻ መቀጥቀጥ አይታሰብም። የታችኛዋ ጎረቤቴ ቡና ስወቅጥ እንኳ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን ትመታልኛለች። እንዴት ነው ያለ ጠብ የሚሰበረው? ከወተቱ ሌላስ ምን ይወጣዋል? ዘይትም ቤት ውስጥ ይሠራል ሲባል እሰማለሁ። እባካችሁ በእጃችሁ የሠራችሁትን ብቻ ጻፉልኝ፣ ቪዲዮውን እኔም አይቼዋለሁ።

ገላን ጓሮ
ከመስበርሽ በፊት ፍሬውን አጣሪ። ጆሮሽ ጋ አስጠግተሽ ነቅንቂው። ውሃው ሲንቦጫቦጭ ካልሰማሽ ወይ ተሰንጥቋል ወይ ደርቋል። ዓይኖቹን በደንብ እያቸው፣ ደረቅ መሆን አለባቸው። እርጥበት ወይም ሻጋታ ካለባቸው ለሻጩ መልሺለት። መጠኑን ብቻ አይተሽ አትሸወጂ፣ ትንሽ ሆኖ እጅ ላይ ክብድ የሚል ይሻላል።

አሰባበሩ ጉልበት አይፈልግም። ከሦስቱ ዓይኖች አንዱ ለስላሳ ነው፣ ቡቃያው የሚወጣበት እሱ ነው። በንጹህ ሚስማር ወይም በጠመንጃ መፍቻ ብትጫኚው ይገባልሻል። ውሃውን ብርጭቆ ላይ ገልብጪው። ከዚያ ፍሬውን በፎጣ ጠቅልለሽ በግራ እጅሽ ያዢና በትልቅ ቢላ ጀርባ (ስለቱ አይደለም በማርያም!) ወገቡን ዙሪያውን እያዞርሽ ምቺው። ኃይለኛ ምት አይደለም፣ ቋ ቋ እያለ ዞሮ ዞሮ አንድ ጊዜ ድምፁ ደነዝ ይላል። ያኔ ተሰንጥቋል ማለት ነው። ወለል ላይ ስላላስቀመጥሽው ጎረቤትሽ ምንም አትሰማም።

የቱሉ ዲምቱዋ
ገላን ጓሮ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ነጩ ከቅርፊቱ እንዴት ይላቀቃል? አንድ ቁራጭ ለማውጣት ስታገል እጄን ልቆርጥ ነበር።

ገላን ጓሮ
ሙቀት አሳዪው። ኦቨን ካለሽ 200 ዲግሪ ላይ 15 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ከሌለሽ ከሰል ምድጃ ላይ እያገላበጥሽ አሙቂው። ቅርፊቱ ሲሰነጠቅ ይሰማሻል። ሲበርድልሽ በማንኪያ እጀታ ፈንቅይው፣ ትልልቅ ሆኖ ነው የሚወጣው። አንድ ነገር አደራ፣ ውሃው ሳይወጣ እሳት ላይ እንዳታስቀምጪው። ውስጡ እንፋሎት ይዞ ሊፈነዳ ይችላል።

ቡናማውን ስስ ልጣጭ በድንች መላጫ ታነሺዋለሽ። ለወተት ከሆነ ግን ባታነሺውም ምንም አይል፣ መልኩን ትንሽ ያጠቁረዋል እንጂ ጣዕሙን አይነካም።

ሞምባሳ የነበርኩ (ሰበታ)
ኬንያ ባሕር ዳርቻ ሥራ ላይ ስለነበርኩ ይሄን ነገር በየቀኑ ሲሠራ አይቻለሁ። እዚያ ኮኮናት የሌለበት ድስት ማግኘት ይከብዳል። ከቅርፊቱ አያላቅቁትም። አጭር የእንጨት መቀመጫ አላቸው፣ ከፊቱ ጥርስ ያለው ክብ ብረት ተመቶበታል። ሴትየዋ ትቀመጥበትና ግማሹን ፍሬ ብረቱ ላይ እያዞረች ትፈቀፍቀዋለች፣ ነጩ ከሥር ሳህን ላይ ይወርዳል። እኔ ሰበታ ላንድ ብየዳ ቤት በስልክ ፎቶ አሳይቼ አሠርቻለሁ። ሰውየው ምን እንደሆነ እስካሁን አልገባውም፣ ብቻ ጥርሱን አሳምሮ ሠርቶልኛል።

ያ ከሌለ የካሮት መፈቅፈቂያ ወይም ብሌንደር ይሠራል። ዋናው ቁም ነገር አጨማመቁ ላይ ነው። የተፈቀፈቀው ላይ ትንሽ ሙቅ ውሃ (የሚፈላ አይደለም፣ እጅ የሚችለው) ጨምሩበትና በእጅ እሹት፣ ከዚያ በንጹህ ነጭ ጨርቅ ጭመቁት። ይሄ መጀመሪያ የወጣው ወፍራሙ ነው፣ ለብቻው ይቀመጥ። የቀረው ላይ ሙቅ ውሃ በዛ አድርጋችሁ ድጋሚ ጭመቁት፣ ቀጭኑ ይወጣል። ሩዝም ባቄላም ጎመንም የሚበስለው በቀጭኑ ነው። ወፍራሙ የሚገባው ድስቱ ሊወርድ ሲል ነው፣ እሱንም እያማሰላችሁ በቀስታ እሳት። ኃይለኛ እሳት ላይ ካንተከተካችሁት ቅባቱ ተለይቶ ይንሳፈፋል፣ ወጡ የተቆራረጠ ይመስላል። ሰዎች «ኮኮናት ወጥ አያምርም» የሚሉት ሁሉንም ባንዴ ገልብጠው ሲያንተከትኩት ነው።

ጎመን በዚህ ሲሠራ ሞክሩት። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ጎመኑ በቀጭኑ ይበስላል፣ መጨረሻ ላይ ወፍራሙ። ከእንጀራ ይልቅ ከሩዝ ጋር ይሄዳል።

ጋሼ ሱፍ
ልጆቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ጣልቃ ልግባ። እናቶቻችን ሱፍ ቆልተው፣ ወቅጠው፣ በጥብጠው፣ አጣርተው የጾም ወተት ሲያጠጡን አድገናል። ከእንጀራ ጋር ፍትፍት ነው፣ ደግሞ ያገር ነው። ባሕር ተሻግሮ የመጣ ድንጋይ በመዶሻ እየፈለጡ መልፋት ምን ይሉታል? ለአንዱ ፍሬ የምታወጡት ገንዘብ ስንት ጣሳ ሱፍ ይገዛል!

ሞምባሳ የነበርኩ (ሰበታ)
ጋሼ፣ ልክ ብለዋል፣ በዋጋ ሱፍ ያሸንፋል። ለፍትፍትም ሱፍን የሚተካ የለም። ግን ሱፍ እሳት ላይ ብዙ አይቆይም፣ ወጥ ውስጥ ገብቶ ቅባትና ውፍረት አይሰጥም። ኮኮናት የሚገባው እዚያ ነው። አሠራሩማ እርስዎ እንዳሉት ያው ነው፣ መፍጨት፣ መበጥበጥ፣ ማጣራት። ሱፍ የምታጣራ እጅ ኮኮናት አያቅታትም።

ጋሼ ሱፍ
እሺ ተቀብያለሁ። ሽሮ ውስጥ ግን እንዳትጨምሩት። ምራቴ አምና ጨምራልኝ ሽሮው ጣፈጠ! ሽሮ ይጣፍጣል እንዴ?

ድሬ ፍቅር
ሃሃ ጋሼ እዚህ ላይ እኔም ከእርስዎ ጋር ነኝ። ሽሮ አይነካ። ምስር ግን በተለይ አልጫው ይወደዋል፣ እርድና ዝንጅብል ካለው።

እኔ የምለው ቡላ ነው። እኔ ድሬ ነው ያደግኩት፣ ባለቤቴ ግን የጉራጌ ልጅ ነው፣ ቡላ ገንፎ ያለ ወተትና ያለ ቅቤ አይገባለትም ነበር፣ ጾም ሲገባ ፊቱ ይጠቁራል። አሁን ቡላውን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጬ ቀጭኑ የኮኮናት ወተት ሲፈላ እጨምረዋለሁ፣ እየጠበቀ ሲመጣ እንዳይጓጉል ክንድ እስኪዝል ማማሰል ነው፣ አንጸባርቆ ሲመጣ ወፍራሙንና ትንሽ ጨው አድርጌ አወርደዋለሁ። ኮረሪማ ነስንሱበት። ባለቤቴ አንዴ ቀምሶ «ጾሙ ተፈታ እንዴ?» አለኝ።

የካራ ጣፋጭ
ማንም ስለ ጣፋጩ አላነሳም! ከወተት የተረፈውን ሳይሆን ያልተጨመቀውን፣ ቅባቱ ያለውን ፍቅፋቂ ነው የምጠቀመው። ስኳርና ጥቂት ውሃ አፈላለሁ፣ ሲወፍር ኮኮናቱን፣ ኮረሪማና ትንሽ ጨው እጨምራለሁ፣ ከድስቱ እየለቀቀ ሲጠቀለል ዘይት የተቀባ ትሪ ላይ ገልብጬ በሙቁ እቆርጠዋለሁ።

የውጭ አገር አሠራር የምትከተሉ ግን ተጠንቀቁ። ሽሮፑን 115 ዲግሪ አድርሱት ይላሉ። እኛ ያለነው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ ውሃ ራሱ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። ስለዚህ ስኳሩ 115 እስኪደርስ ከጠበቃችሁ እዚህ ከመጠን በላይ ደርቋል፣ ጥርስ ይሰብራል። ስምንት ዲግሪ ገደማ ቀንሱለት። ቴርሞሜትር የሌለው ደግሞ ጠብታውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይጣል፣ በጣት ሲሰበስቡት ለስላሳ ኳስ ከሠራ በቃው።

የለገጣፎ ነርስ
ጣፋጩን አላበላሽባችሁም፣ ግን ጥቂት ነገር ልበል።

የኮኮናት ወተት የሕፃን ወተት አይደለም። ፕሮቲኑም ካልሲየሙም ትንሽ ነው። የጡት ወተት ወይም የዱቄት ወተት አይተካም። «ተፈጥሮ ነው» እያሉ በጡጦ የሚሰጡ አጋጥመውኛል።

ዘይቱ ደግሞ ከ80 በመቶ በላይ የረጋ ቅባት ነው፣ ከቅቤም ይበልጣል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ምክር መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ ስለሚያደርግ አልመከረውም። ለጣዕም ጥቂት ጥቂት እሺ፣ ለመድኃኒት ብሎ በማንኪያ መዋጥ ግን ይቅር። ውሃው ፖታሲየም ስላለው የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጠጣ።

ከሁሉ በላይ የተበላሸ ውሃ አትቅመሱ! ጎምዘዝ ካለ፣ አረፋ ከያዘ፣ ነጩ ግራጫ ወይም ሮዝ ካለ ወይም ሳሙና ሳሙና ከሸተተ ሁሉንም ጣሉት። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ የሕክምና ዘገባ ላይ እንደተጻፈው፣ ዴንማርክ ውስጥ አንድ ሰው ፍሪጅ ሳይገባ የቆየ ኮኮናት ከፍቶ፣ ውሃው አስጠልቶት ጥቂት ብቻ ጠጥቶ በሻጋታ መርዝ ሞቷል። ለዚህ ነው ዓይኑን ስትበሱ መጀመሪያ አሽትቱ፣ ብርጭቆ ላይ ገልብጡና እዩ፣ በስትሮ ከፍሬው ውስጥ ቀጥታ አትጠጡ የምለው።

የቱሉ ዲምቱዋ
እሜቴ ነርስ፣ አስደነገጥሽኝ ግን አመሰግናለሁ። የእኔ ውሃዎች ጥርት ያሉ ናቸው፣ አንዱ ብቻ ሽታው ስላላማረኝ ከነፍሬው ቆሻሻ ውስጥ ገብቷል።

ሌላ አንድ ጉድ ልንገራችሁ። አንዱን ስሰብረው ውስጡ ውሃ የለም፣ በምትኩ ነጭ፣ ስፖንጅ የመሰለ ኳስ ሞልቶታል። ይበላል?

ገላን ጓሮ
ይበላል! እሱ መብቀል የጀመረ ፍሬ ነው። ቡቃያው ምግብ ለመምጠጥ የሚያሳድገው ነገር ነው፣ ጣፋጭ ነው፣ ልጆች ይሻሙበታል። ሽታውና መልኩ ደህና ከሆነ ማለቴ ነው። የዚህ ፍሬ ነጩ ግን እየሳሳ ስለሚሄድ ብዙ ወተት አትጠብቂበት።

የአያት ሠፈር
እንግዲያው የበቀለውን ጓሮ ብንተክለውስ? ቦታ አለኝ።

ገላን ጓሮ
ለሳሎን ጌጥ ካልሆነ አትድከም ወንድሜ። ኮኮናት የቆላና የባሕር ዳርቻ ዛፍ ነው፣ የአዲስ አበባን የኅዳር ሌሊት አይችልም። ቅጠል ብታይበት እንኳ ፍሬ አታይም።

ሱሉልታ ብርዱ
ዘይቱን የጠየቅሽውን ማንም አልመለሰልሽም። ይሠራል፣ ግን ብዙ ፍሬ ይበላል። ለአንድ ሊትር አስርና ከዚያም በላይ ያስፈልጋል። ስለዚህ ለመጥበሻ ብለሽ አታስቢው፣ ለጾም ንጥር አድርጊው። እሱን ነው የምነግርሽ።

ወፍራሙን ወተት አፉ ሰፊ ዕቃ ውስጥ ገልብጠሽ አሳድሪው። በፍሪጅም ይሆናል፣ እኛ ሱሉልታ በኅዳርና በታኅሣሥ ፍሪጅ አንፈልግም፣ መስኮት ላይ ይበቃል። ጠዋት ክሬሙ ከላይ ረግቶ ውሃው ከሥር ይቀራል። ክሬሙን ብቻ ገፈሽ ብረት ድስት ላይ በጣም ቀስ ባለ እሳት ጣጂው። መጀመሪያ ቡልቅ ቡልቅ ይላል፣ እሱ ውሃው ነው። እያማሰልሽ ቆዪ። ቀስ በቀስ ቡልቅታው እየሳሳ ይሄድና ዝም ሊል ሲል ከሥር ጥቃቅን ፍርፋሪ ይሰበሰባል፣ ዘይቱ ውሃ መስሎ ይጠራል። ፍርፋሪው ወርቃማ ሲሆን ወዲያው አውጪው፣ ከዚያ ካለፈ ያራል። ድምፁ ሳይጠፋ ካወረድሽው ውሃ ስለቀረበት ቶሎ ይበላሻል።

አሁን ዋናው፦ ሊወርድ ሲል ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ ትንሽ አብሽና እርድ ጨምሪበት፣ ልክ ቅቤ እንደምታነጥሪ። አጣርተሽ ማሰሮ ውስጥ። የኮኮናት ሽታው አይጠፋም፣ ግን ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ኮሰረቱ ይቀድማል። ጨጨብሳ በዚህ ሲታሽ፣ ገንፎ መሃል ሲገባ በቃ ምን ልበልሽ። ፍርፋሪውንም አትጣይው፣ በቂጣ ይበላል።

የአያት ሠፈር
እኔ ከሱቅ የገዛሁት የኮኮናት ዘይት ነጭ ሆኖ ረጋብኝ። ስብ ቀላቅለውብኝ ነው ብዬ ከባለ ሱቁ ጋር ልጣላ ነበር።

ሱሉልታ ብርዱ
ተው አትጣላ። ከ24 ዲግሪ በታች ሁሌም ይረጋል፣ በኛ አገር ብርድ ፈሳሽ ሆኖ ብታገኘው ነበር የሚገርመው። መርጋቱ ስለ ጥራቱ ምንም አይነግርህም። ወስደህ በመዳፍህ ያዘው፣ ይቀልጣል።

ድሬ ፍቅር
የጾም ንጥር!! ኮሰረት አልሞከርኩም ነበር፣ ነገ ነው የምገባበት።

የተጨመቀውስ ገለባ? እኔ ምጣድ ላይ በቀስታ እሳት እያገላበጥኩ አደርቀውና ብስኩት ሊጥ ውስጥ እከተዋለሁ። ወይም በብሌንደር ፈጭቼ ዱቄት አደርገዋለሁ። ብቻውን ግን ሊጥ አይሆንም፣ ውሃ ይመጥጣል፣ ይፈረካከሳል። ከስንዴ ዱቄት ጋር አንድ አምስተኛ ያህል ቢሆን ጥሩ ነው።

ሱሉልታ ብርዱ
የኔ ዶሮዎች ይበሉታል። ግን ዕለቱን ነው የምሰጣቸው፣ ካደረ ይቦካል። ቅርፊቱ ደግሞ ጥሩ ማገዶ ነው፣ ከሰል ላይ ጣል ካደረጋችሁት ኃይለኛ እሳት አለው። መጀመሪያ ይጨሳል፣ ውጭ ይሁን።

የካራ ጣፋጭ
ቆሎስ? ነጩን በድንች መላጫ ስስ ስስ አድርጋችሁ ጨው ነካ አድርጉና ምጣድ ላይ አድርቁት፣ ጠርዙ ቀላ ሲል አውጡት። ከገብስ ቆሎና ከኦቾሎኒ ጋር ደባልቁት። የቡና ቁርስ እሱ ነው። ከገብሱ ጋር ባንድ ላይ ግን እንዳትቆሉት፣ ገብሱ ሳይፈካ ኮኮናቱ ያርርባችኋል።

የቱሉ ዲምቱዋ
ወገን፣ ሠራሁት! በቢላ ጀርባ ቋ ቋ እያልኩ ሁሉም እኩል ለሁለት ተከፈሉ። ማሞቁን ግን ኮሚናል ወርጄ ከሰል ላይ ነው የጨረስኩት። እንጀራ የሚጋግሩ እናቶች ከበቡኝ፣ አንዷ «ልጄ ድንጋይ ነው የምትጠብሺው?» አሉኝ። ሲቀምሱት ግን ግማሹን ጨረሱብኝ፣ የታችኛዋ ጎረቤቴም ነበረችበት።

ወተቱ ወጥቷል፣ ወፍራሙም ቀጭኑም ለየብቻ። አሁን የቸገረኝ ማስቀመጡ ነው። መብራት እንደምታውቁት ነው፣ ሲያሻው ይሄዳል።

ሞምባሳ የነበርኩ (ሰበታ)
ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ነው። ማወፈሪያም መከላከያም ስለሌለው ከዚያ በላይ አታምኚው። ከላይ ረግቶ ከሥር ውሃ ቢሆን አትደንግጪ፣ ነቅንቂው ይመለሳል። ለረጅም ጊዜ ከሆነ ላንድ ድስት በሚበቃ መጠን በትንንሽ ላስቲክ አድርገሽ ፍሪዘር ውስጥ ክተቺ። ሲቀልጥ የተለያየ ይመስላል፣ ወጥ ውስጥ ሲገባ አይታወቅም። መብራት ረዘም ላለ ሰዓት ሄዶ ከቀለጠ ዕለቱን ይበሰል፣ ድጋሚ አታቀዝቅዢው። እንዲያውም ከሁሉ የሚሻለው ፍሬውን ሳይሰበር ማቆየት ነው። ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ላይ ያልተሰበረ ፍሬ ሳምንታት ይቆያል፣ ለረቡዕ የሚሆነውን ማክሰኞ ማታ መስበር ነው።

የለገጣፎ ነርስ
በመሃል መንቀንቀሱንና ዓይኑን ማየቱን አትርሱ። የተሰነጠቀ ፍሬ «ያልተሰበረ» አይባልም።

ጋሼ ሱፍ
ይሄ የጾም ንጥር ያላችሁት ነገር ልቤን ነካው። ምራቴን ላሳያት ነው። ኮሰረቱ ስንት ይሁን?

ሱሉልታ ብርዱ
ጋሼ፣ ላንድ ቡና ስኒ ዘይት የደረቀ ኮሰረት ሁለት ቅጠል ይበቃል። ከበዛ ይመራል። አብሹን ደግሞ በጣት ጫፍ ብቻ ትቆንጥርልዎት።

የአያት ሠፈር
መርካቶ በጅምላ ብንገዛው አይቀንስም? ቅዳሜ ጠዋት እወርዳለሁ። በአያት፣ በካራና በለገጣፎ መስመር ያላችሁ የምትፈልጉትን ብዛት እዚሁ ጻፉ፣ እያንዳንዱን ነቅንቄ ነው የማመጣው።

የካራ ጣፋጭ
ለእኔ ስድስት። ዓይናቸው ደረቅ ይሁን!